የሌክ ፎረስቷ እናት

ረቡዕ፣ መስከረም 7 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ሮበርት ሬድፎርድ ትናንት በ89 ዓመቱ ዐረፈ። ዛሬ ሥራ ስሄድም ስመለስም የመኪናው ሬዲዮ የሚያወራው ስለ እሱ ብቻ ነበር፤ ስለ መልኩ፣ ስለ ፈረሱና ስለ ሽጉጡ፣ ኒክሰንን ካጋለጡት ጋዜጠኞች አንዱን ሆኖ ስለ ተጫወተበት ፊልም፣ ሰንዳንስ ብሎ ስላቋቋመው የፊልም ተቋም። እኔ ግን የሬድፎርድ ስም ሲነሣ ትዝ የሚለኝ እሱ ራሱ አንዴም የማይታይበት ፊልም ነው፤ በ1980 ለመጀመሪያ ጊዜ ዳይሬክተር ሆኖ የሠራው "ኦርዲነሪ ፒፕል"፣ ተራ ሰዎች። (የፊልሙን ነገር በፈረንጆቹ ዓመት፣ የራሴን ቀን በእኛው እጽፋለሁ። እዚህ አገር የሚኖር ሐበሻ በሁለት ካላንደር መኖር ስለለመደ አይቸገርም።)

ባለቤቴን "ቅዳሜ ማታ እንየው" አልኩት። "የሚያስለቅስ ነው?" አለኝ። እኔ የመረጥኩት ፊልም ሁሉ ለእሱ የሚያስለቅስ ነው።

ዓርብ፣ መስከረም 9

ነገ አብረውን ለሚያዩት ሰዎች ታሪኩን አስቀድሜ ላለመንገር አፌን ይዤ ዋልኩ። እዚህ ግን ልጻፈው።

ከቺካጎ ወደ ሰሜን፣ በሚቺጋን ሐይቅ ዳር፣ ሌክ ፎረስት የሚባል የባለጸጎች ሰፈር አለ። ዛፉ ትልልቅ፣ ሣሩ የተከረከመ፣ ቤቱ ከቤቱ የተራራቀ ነው። ጃሬቶች የሚኖሩት እዚያ ነው። አባትየው ካልቪን የግብር ጉዳይ ጠበቃ ነው። እናቲቱ ቤዝ ቤቷ ውስጥ አንዲት ማንኪያ ከቦታዋ ውጭ ውላ የማታድርባት ሴት ናት። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። አንድ ቀን ልጆቹ ሐይቁ ላይ በጀልባ ሳሉ ማዕበል ተነሣ፤ ጀልባዋ ተገለበጠች፤ ታላቁ በክ ሰጠመ፣ ታናሹ ኮንራድ ተረፈ። የተረፈው ልጅ ደግሞ ውሎ አድሮ በገዛ እጁ ሊሞት ሞከረና አራት ወር ሆስፒታል ቆይቶ ወደ ቤት ተመለሰ።

ፊልሙ የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አደጋውን በብልጭታ በብልጭታ ካልሆነ አናየውም። የምናየው ቁርስ ነው። እናት እንቁላል ውስጥ ነክራ የጠበሰችውን ዳቦ ለልጇ ታቀርባለች፤ "አልራበኝም" ይላታል፤ አንድ ቃል ሳትጨምር ሳህኑን ከፊቱ አንሥታ ምግቡን ወደ ማጠቢያው መፍጫ ትገፋዋለች። በቃ። ጩኸት የለም፣ ዱላ የለም፣ የሰከረ አባት የለም። እኔ ግን በፊልም ካየኋቸው የቤተሰብ ጠቦች ውስጥ እንደዚህ የሚያስጨንቅ አላየሁም።

ታሪኩ በ1976 ከታተመው የጁዲት ጌስት ልብ ወለድ የተወሰደ ነው፤ ለእሷም የመጀመሪያ መጽሐፏ ነበር። ኦስካሩ የተሰጠው መጋቢት 31 ቀን 1981 ነው (ይህም በፈረንጆቹ ቀን መሆኑ ነው)። ሥነ ሥርዓቱ በዋዜማው ሊካሄድ ታስቦ ነበር፤ ያን ቀን ፕሬዚዳንት ሬገን በጥይት ስለተመቱ በአንድ ቀን ተራዘመ። ፊልሙ አራት ሽልማት ወሰደ፦ ምርጥ ፊልም፣ ምርጥ ዳይሬክተር፣ ምርጥ የፊልም ጽሑፍ፣ ምርጥ ረዳት ተዋናይ። የመጨረሻውን የወሰደው ኮንራድን የተጫወተው ቲሞቲ ኸተን ነው፤ 20 ዓመቱ ነበር፤ እስካሁን በዚያ ዘርፍ ከእሱ ያነሰ ዕድሜ ያለው ተሸላሚ የለም።

ሰው በዚህ ፊልም የሚከራከረው በሁለት ነገር ነው። አንዱ የፊልም ተማሪዎች ክርክር ነው፤ ሽልማቱ የሚገባው በዚያው ዓመት ለተሠራው ለማርቲን ስኮርሴዚ የቦክሰኛ ፊልም፣ ለ"ሬጂንግ ቡል" ነበር ይላሉ። ይሁንላቸው፤ ስኮርሴዚ ተበድሎ ይሆናል። እሱ ተበደለ ተብሎ ግን የሬድፎርድን ፊልም አራት ዐሥርት ዓመት ሙሉ እንደ ሌባ ማየት ምን የሚሉት ፍርድ ነው? ሁለተኛው ክርክር ስለ እናቲቱ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ፣ መስከረም 10፣ ሌሊት

እንግዳችን ሄዳለች፤ ስድስት ሰዓት አልፏል፤ ዕቃ አጥቤ መቀመጤ ነው።

አምስት ሆነን አየነው። ባለቤቴ፣ 16 ዓመት የሞላት ልጄ፣ ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ዘንድ የከረሙት አማቴ፣ በአእምሮ ሕሙማን ክፍል በነርስነት የምትሠራ ጓደኛዬ፣ እና እኔ። አማቴ እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ልጄ ከጎናቸው ተቀምጣ ባላት አማርኛ ትነግራቸዋለች። ለነገሩ ብዙም አላስፈለጋቸውም። ከተዋናዮቹ ፊት ላይ ከእኛ ቀድመው ያነቡ ነበር።

ፊልሙ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሄድ እማማ "ለቅሶ የተቀመጡት መቼ ነው?" ብለው ጠየቁ።

"ለቅሶ የለም፣ እማማ" አለች ልጄ።

"እንዴት የለም? ልጅ ሞቷል አላልሽኝም?"

"ሞቷል። ግን በፊት ነው።"

"ታዲያ ጎረቤት የት ሄደ?"

ልጄ እኔን አየችኝ። እኔም መልስ አልነበረኝም። ፊልሙ ውስጥ ጎረቤት አለ፤ በመጠጥ ግብዣው ላይ መጥቷል፤ ስለ ጎልፍ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ሽርሽር ያወራል። ስለ ሟቹ የሚያነሣ ግን የለም። አንዲት ሴት ካልቪንን "ኮንራድ እንዴት ነው?" ትለዋለች፤ ካልቪን ሐኪም ዘንድ እየሄደ መሆኑን ይነግራታል። ቤዝ ትሰማለች። ወደ ቤት ሲመለሱ መኪና ውስጥ ትቆጣዋለች፤ የቤታችንን ጉዳይ ለምን አደባባይ ታወጣለህ ነው ነገሩ። እዚህ ላይ ባለቤቴ ሳቀ፤ ጓደኛዬም ሳቀች፤ እኔም እንደ መሳቅ አልኩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ያችን ሴት ሁላችንም እናውቃታለን። ልጁ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ እያለ ከአዲስ አበባ ለሚደወል ስልክ "ደኅና ነው፣ ትምህርት በዝቶበት ነው" የሚል ስንት ሰው አለ!

ፎቶ የሚነሡበት ቦታ ሲደርስ ሳቁ ቆመ። አያቶች መጥተዋል፤ ካልቪን ሚስቱንና ልጁን አንድ ላይ ሊያነሣቸው ይፈልጋል። ኮንራድ እናቱ አጠገብ ቆሟል። እሷ ፈገግ ብላለች፤ ግን "ካሜራውን ስጠኝ፣ እኔ እናንተን ላንሣ" ትላለች። ካልቪን "አንዴ ቆይ" ይላል። እሷ ትመልሳለች፤ እሱም ይመልሳል። ፈገግታዋ ከፊቷ ሳይጠፋ ከልጇ ጋር ብቻዋን አንድ ፎቶ ላለመነሣት ትታገላለች። ልጁ በመጨረሻ ይጮሃል፤ ስጣት ካሜራውን ብሎ። ሳሎናችን ውስጥ አንድም ሰው አልተነፈሰም።

ፊልሙ ሲያልቅ ባለቤቴ ፍርዱን ለመስጠት አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። "ድንጋይ ናት" አለ። "ልጇ ሲያቅፋት እጇን እንኳ አላነሣችም። ሆስፒታል ተኝቶ አልጠየቀችውም። ለቀብር ሲወጡ ባሏን ምን አለችው? ሸሚዝህን ቀይር! ልጅ ሞቶ ሸሚዝ?"

እማማ ይህን ሲሰሙ ቀና አሉ። "ምን ትበለው ታዲያ?"

"እንዴ፣ እማዬ..."

"ምን ትበለው ነው የምልህ። እኔ ልጄን በቀበርኩ ዕለት እናቴ ምን አለችኝ? 'ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ልበሺ፣ ሰው ያይሻል' ብላ ተቆጣችኝ። እናቴ ልጄን አትወደውም ነበር?"

ባለቤቴ ዝም አለ። የሞተው ልጅ የእሱ ታላቅ ወንድም ነው። እኔ ከዚህ ቤተሰብ ጋር ስኖር ስለዚያ ልጅ ሲወራ የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው፤ እማማ ስለ ነጠላው ሲያነሡ ደግሞ ገና አሁን ሰማሁ።

ጓደኛዬ ነገሩን ወደ ሥራዋ ወሰደችው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙን፣ ዶክተር በርገርን፣ ወዳዋለች፤ የተዝረከረከ ክፍሉን፣ ቡናውን፣ ልጁን እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ሰው ማናገሩን። ሁለት ነገር ግን አልዋጥላትም አለ። አንደኛው አራቱ ወር ነው። "ዛሬ አራት ወር ሆስፒታል የሚያስተኛ ኢንሹራንስ አምጪልኝ። እኛ ዘንድ በቀናት ነው የሚወጡት፤ ገና ስማቸውን ሳንለምደው።" ሁለተኛው ማልቀስ ነው። ልጁ ሌሊት ሐኪሙ ቢሮ ሮጦ ሄዶ፣ ወንድሙ ጀልባዋን ሲለቅ እሱ ይዞ በመቅረቱ ራሱን እንደሚከስ ያወጣዋል፤ ያለቅሳል፤ ይተቃቀፋሉ፤ ይሻለዋል። "በአንድ ሌሊት የሚወጣ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም" አለች። "ይወጣል፤ ተመልሶ ይገባል፤ ደግሞ ይወጣል።"

ከዚያ እማማን ዞር ብላ አየቻቸው። "ለቅሶ የለም ብለው አዘኑላቸው አይደል፣ እማማ? እኛስ ለቅሶ አለን። ልጁ በገዛ እጁ የሞተበት ቤት ስንደርስ ግን 'ምን ነካው?' ብለን እንጠይቃለን፤ 'ድንገት ነው' ይሉናል፤ 'እግዚአብሔር ያጽናችሁ' ብለን ንፍሮ በልተን እንወጣለን። እውነቱን መኪና ውስጥ ገብተን ነው የምናወራው።"

እማማ ማማተብ ጀመሩ። የኮንራድ የእጁ ጠባሳ በታየ ቁጥርም አማትበው ነበር። በእሳቸው ዘመን እንዲያ ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግም፤ ነገሩን በስሙ መጥራት ራሱ ያስፈራል። አልመለሱላትም። እሷም አልገፋችም፤ ጫማዋን ፈልጋ ሄደች።

እሑድ፣ መስከረም 11

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና እየጠጣን እማማ ሳይጠየቁ ወደ ፊልሙ ተመለሱ።

"ያቺ ሴትዮ የልጇ ክፍል ገብታ አልጋው ላይ የተቀመጠችውን አይታችኋል?"

አይተናል። ቤዝ ከውጭ ትገባለች፤ ቤቱ ባዶ ነው፤ የሟቹን ክፍል ከፍታ ትቀመጣለች። ዋንጫዎቹ እንዳሉ ናቸው። ኮንራድ ሳታስበው ብቅ ሲል ትደነግጣለች፤ እንደተያዘ ሰው ሆና ወዲያው ስለ ሌላ ነገር ታወራለች። ፊልሙ ውስጥ ሐዘኗን ለብቻዋ የምናይበት ቦታ ከዚህ ሌላ ብዙ የለም። ባለቤቴ ትናንት ፍርድ ሲሰጥ ይህን አላነሣም፤ ጓደኛዬም አላነሣችም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አላነሣሁም።

"ያ ነው ለቅሶዋ" አሉ እማማ። "ሰው ሲመጣባት አቋረጠችው።"

ከዚያ የሂዩስተኑን ነገር አነሡ። ባልና ሚስት የቤዝ ወንድም ዘንድ ሄደው ጎልፍ ሲጫወቱ ይጣላሉ። ወንድሟ "ደስ እንዲልሽ ነው የምንፈልገው" ይላታል። እሷም ደስታ ማለት ምን እንደሆነ ንገረኝ ትለዋለች፤ ግን መጀመሪያ ልጆችህ ደኅና መሆናቸውን እይ፤ ከፈረስ አለመውደቃቸውን፣ መኪና አለመግጨታቸውን፣ በምትኮራበት የመዋኛ ገንዳህ አለመስጠማቸውን። ልጄ ይህን ትናንት ስትተረጉምላቸው እማማ ጉልበታቸውን መትተው "እሰይ!" ብለው ነበር። ሁላችንም የዘለልነውን እሳቸው ያዙት። ያ ንግግር የድንጋይ ንግግር አይደለም። አንድ ልጇን ውኃ የበላባት፣ ሁለተኛው ዛሬም ነገም ሊያመልጣት እንደሚችል የምታውቅ ሴት ንግግር ነው። የሚሄድ ልጅ ማቀፍ ፈርታለች።

ይህ የእኔ ትርጉም ነው፤ ፊልሙ እንዲህ ብሎ አይነግረንም። ባለቤቴ "አንቺ ጥብቅና ቆመሽላት ነው" ይላል። ቆሜላት ከሆነም ይሁን፤ አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ጠበቃ አልነበራትም።

ማክሰኞ፣ መስከረም 13

አጥር ለአጥር የምንዋሰናት አሜሪካዊት ጎረቤቴ ሰባዎቹን አጋምሳለች። ቆሻሻ ቢን ስናወጣ ስለ ሬድፎርድ ተነሣና ፊልሙን በ1980 ሲኒማ ቤት ገብታ እንዳየችው ነገረችኝ። "እኛ የሄድነው እኮ ሜሪን ለማየት ነው" አለች።

ይህን ካልተረዱ የፊልሙ ግማሽ ያመልጣል። ቤዝን የተጫወተችው ሜሪ ታይለር ሙር ከ1970 እስከ 1977 በራሷ ስም በሚጠራ የቴሌቪዥን አስቂኝ ድራማ አሜሪካን ሁሉ ቤቱ ድረስ ገብታ ያሳቀች ሴት ናት። በመክፈቻው ላይ ሚኒያፖሊስ መንገድ መካከል ቆማ ኮፍያዋን ወደ ሰማይ ትወረውራለች፤ ከተማው ውስጥ በኋላ ለዚያች ውርወራ የነሐስ ሐውልት ቆሞላታል። ሬድፎርድ ማሊቡ ባሕር ዳር ብቻዋን ስትራመድ አይቷት ያን ጊዜ ነው ለቤዝ ያሰባት ይባላል። ፈገግታዋን ሕዝቡ በቃሉ ያውቀዋል። ሬድፎርድ ያንኑ ፈገግታ ወስዶ መከለያ አደረገው።

"ከሲኒማው ስንወጣ እናቴ ተናደደች" አለች ጎረቤቴ። "ሜሪን ምን አደረጓት! እያለች። እኔ ግን ለእናቴ አልነገርኳትም እንጂ እናቴን ነበር ያየሁት።"

ፊልሙ ለሕዝብ ከቀረበ ወር ሳይሞላ፣ በጥቅምት 1980፣ የሙር አንድ ልጅ በ24 ዓመቱ መሣሪያ ባርቆበት ሞተ። ሬድፎርድም በ1959 የመጀመሪያ ልጁን ገና በሕፃንነቱ ቀብሯል። ልጅ የቀበረ አባት የሠራውን፣ ብዙ ሳትቆይ ልጇን የቀበረች እናት የተጫወተችውን ፊልም ነው እንግዲህ ሶፋ ላይ ተቀምጠን "ድንጋይ ናት" የምንለው።

ጎረቤቴ አንድ ሌላ ነገር ነገረችኝ፤ ስለ ሰፈሩ። ያኔ ሰው ፊልሙን አይቶ ሲወጣ "የሀብታም ነጭ ችግር" ብሎ ያጣጣለው ብዙ ነበር። እኔም ይህን ወቀሳ ዛሬም እሰማዋለሁ። ግን ሰው ከከተማ አፓርታማ ወጥቶ ግቢና ጋራዥ ያለው ቤት ሲገዛ "እንኳን ደስ ያለህ" ብለን ሻምፓኝ የምንከፍተው ለዚሁ ኑሮ አይደለም? አፓርታማ ስንኖር ሊፍት ውስጥ ሰው ሰላም እንላለን፤ የላይኛው ቤት ሲጣላ እንሰማለን። እዚህ የጋራዡ በር ይከፈታል፣ መኪናው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። ከማዶ ያለው ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንደሚኖር አላውቅም። ሌክ ፎረስትን የሚያህል ሀብት የለንም እንጂ አሠራሩን ተቀብለነዋል።

ቅዳሜ፣ መስከረም 17፣ መስቀል

ከበዓሉ ስንመለስ መኪና ውስጥ ልጄ ከኋላ ሆና "እኔ የተናደድኩት በአባትየው ነው" አለች። ሳምንት ሙሉ ዝም ብላ ነበር።

"ካልቪን? እሱ እኮ የሚወደው ነው" አለ ባለቤቴ።

"ያያል፣ ዝም ይላል። ያያል፣ ዝም ይላል። መጨረሻ ላይ 'አልወድሽም' ይላታል። በመሀል ምንም የለም።"

ትልቅ ነገር ነው የተናገረችው። ዶናልድ ሰዘርላንድ ካልቪንን ሲጫወት ሰውነቱ ሁሉ ይቅርታ የሚጠይቅ ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ እጁ ለማስታረቅ የተዘረጋ። እኛ ተመልካቾች ደግ አባት ብለን እንወደዋለን። ልጄ ግን የቆጠረችው ሌላ ነው፤ የቁርሱ ሳህን ሲነሣ እዚያው ነበር፤ ካሜራውን የያዘው እሱ ነበር፤ እናትና ልጅ ባንድ ጣሪያ ሥር ሲሸሻሹ መካከላቸው ቆሞ ይቀልድ ነበር። ሰዘርላንድ ለዚህ ሥራው ለኦስካር አልታጨም፤ ሌሎቹ ሦስቱ ዋና ተዋናዮች ታጭተዋል። ልጄ "ልክ ነው፣ ምን አደረገና" አለች። ይህ ግን ግፍ ነው፤ ምንም የማያደርግን ሰው እንደዚያ አድርጎ መጫወት ከባድ ነው አልኳት። አልተዋጠላትም።

ባለቤቴ እስከ ቤት ድረስ አልተናገረም።

ሐሙስ፣ መስከረም 22

ይህን ነገር ከጀመርኩ አይቀር ብዬ "አሜሪካን ቢዩቲ"ን ደግሜ አየሁ። ያም የዳር ሰፈር ቤተሰብ ነው፤ ያም የዳይሬክተሩ፣ የሳም ሜንዴስ፣ የመጀመሪያ ፊልም ነው፤ ያም ምርጥ ፊልም ተብሎ አምስት ኦስካር ወስዷል። በ1999 ሲወጣ ሰው ሁሉ ያብድለት ነበር፤ እኔም ጭምር። አሁን አያልቅም። አባትየው ሥራውን ይለቃል፣ አለቃውን አስፈራርቶ ገንዘብ ይወስዳል፣ የልጁን ጓደኛ ይመኛል፤ ፊልሙም "ነቃ" ብሎ ያጨበጭብለታል። ሚስቱ ካሮሊን ግን ጽጌረዳ ስለምትከረክም፣ ሶፋው ላይ ቢራ እንዳይፈስ ስለምትጨነቅ፣ ቤት መሸጥ ስላቃታት ብቻዋን ስለምታለቅስ ትሳቅባታለች። ዋናው ተዋናይ በ2017 በጾታዊ ትንኮሳ መከሰስ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ተመልካች ፊቱን አዙሮበታል። ለእኔ ግን ችግሩ ከዚያ በፊትም ጽሑፉ ውስጥ ነበረ። ልጄ ሃያ ደቂቃ አይታ ወደ ክፍሏ ወጣች።

ይኸው ሜንዴስ በ2008 "ሬቮሉሽነሪ ሮድ"ን ሠርቷል፤ በሃምሳዎቹ ኮኔቲከት ውስጥ ስለሚኖሩ ባልና ሚስት። እዚያ ደግሞ ሚስትየዋ፣ ኤፕሪል፣ ትሞታለች።

ልብ በሉልኝ። ቤዝ በፊልሟ መጨረሻ በታክሲ ተሸኘች፤ ካሮሊን ተሳቀባት፤ ኤፕሪል ሞተች። የአሜሪካ ሲኒማ የዳር ሰፈሩን ኑሮ ሊወቅስ በተነሣ ቁጥር ዕዳው የሚጻፈው መጋረጃውን በመረጠችው ላይ ነው። ሰፈሩን የሠራው፣ ባቡሩን ይዞ ቢሮ የሚውለው፣ ብድሩን የፈረመው ሰው ሌላ ነው።

እሑድ፣ መስከረም 25

ትናንት ማታ ሁሉም ከተኙ በኋላ የፊልሙን መጨረሻ ብቻዬን ደግሜ አየሁት።

ካልቪን ሌሊት ምግብ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ተቀምጦ ያለቅሳል። ቤዝ ትወርዳለች። እወድሽ እንደሆነ አላውቅም ይላታል። አትመልስም። ወደ ላይ ትወጣለች፤ ሻንጣ ልታወጣ ቁምሳጥኑን ትከፍታለች፤ እዚያ ቆማ ከውስጧ አንድ ትንፋሽ ያመልጣታል። ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፤ ልታለቅስ ነው ስትሉ ትውጠዋለች። ጥቂት ሰከንድ ነው። ሲነጋጋ ታክሲ ይመጣል፤ ትሄዳለች። አባትና ልጅ ብርዱ ላይ ደጅ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ይተቃቀፋሉ፤ ፊልሙ ያበቃል።

ፊልሙን እወደዋለሁ። የሚታማበትንም አውቃለሁ፤ ዝግ ይላል፣ የፓኸልቤል ሙዚቃው ይበዛል፣ የሐኪሙ ቤት መፍትሔ ይቀልለዋል። እነዚህን ሁሉ እተውለታለሁ። የማልተውለት ይህን መጨረሻ ነው። ልጁ ሐኪም አገኘ፤ አባትየው እዚያው ሐኪም ዘንድ ሄዶ ተነፈሰ፤ እናቲቱ እምቢ አለች ተብሎ በሩ ተዘጋባት፤ ከዚያ ቤቱ ሞቀ። ቤዝ ስትወጣ ችግሩም አብሯት የወጣ ያስመስላል። ኮንራድ ነገ ጠዋት ወንድሙን ብቻ ሳይሆን እናቱንም እንዳጣ ሲገባው ምን ይሆናል? ጓደኛዬን ብጠይቃት "እኛ ዘንድ ይመለሳል" እንደምትለኝ አልጠራጠርም።

እማማ ጥቅምት ሲገባ ወደ አገር ይመለሳሉ። ዛሬ ጠዋት ቡና ሲጠጡ ባለቤቴ አጠገባቸው ተቀምጦ ስለ ወንድሙ ጠየቃቸው፤ ምን ይወድ እንደነበር፣ ስንተኛ ክፍል ደርሶ እንደነበር። እማማ መለሱለት። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ፤ ሁሉንም አልሰማሁም፤ የእነሱ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም።

ፊልሙን ያላያችሁ፣ ሁለት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ነው፤ ብቻችሁን አትዩት። ያያችሁት ደግሞ ቤዝን ብቻ እየተከተላችሁ አንዴ ድገሙት፤ ሌላ ፊልም ነው የምታገኙት። በ1981 ሜሪ ታይለር ሙር ለምርጥ ተዋናይት ታጭታ ነበር፤ ሽልማቱን የወሰደችው የካንትሪ ሙዚቃ ዘፋኟን ሎሬታ ሊንን ሆና የተጫወተችው ሲሲ ስፔሴክ ናት። ስፔሴክ ጎበዝ ናት፤ አልከራከርም። ድምፅ የመስጠት ዕድል ቢኖረኝ ግን እኔ ለሙር ነበር የምሰጠው፤ ለዚያች ቁምሳጥን ፊት ለዋጠቻት ለቅሶ።